ለቅሏ የተፈቀደች አንዲት ጥይት

ጓንጉል ሱዳን ውስጥ ካለችው መፋዛ መንደር ሲደውልልኝ ገዳሪፍ ገበያ ዳር ተቀምጬ ሰሊጥ እያበጠርኩ ነበር። ጓንጉል የብርቱካን አባት ነው፤ ልጄ ጋረደው ሊያገባት ቀን የተቆረጠላት የብርቱካን።

«ተናኘ፣ አንድ ጥይት ፈቅደውልናል» አለኝ።

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ። ጊዜው የጦርነት ነው፤ በሰርግ መተኮስ ክልክል ሆኗል። ሹሙን ስለምነው ሰነበትኩ። በመጨረሻ ‹ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ወንዙ ገደል፣ አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ኸላስ› አለኝ።»

«ዘንድሮ ቢቀርስ ጓንጉል?»

የተቀየመ መሰለኝ።

«አባቴ እናቴን በቅል ነው ያገባት» አለ። «እኔም ሣህሊቱን ያገኘሁ በቅል ነው። አገሩን ትተን መጣን፣ ቤቱን ትተን መጣን። ይችንም እንተው?»

እኛ ከሽንፋ በታች ካለው ቆላ የመጣን ሰዎች ይህ ልማድ አለን። የሙሽራዋ ቤተሰብ ትንሽ ቅል ሰሊጥ ሞልቶ ከዛፍ ላይ በክር ያንጠለጥላል። ሙሽራው፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ተኩሶ፣ በራሱ እጅ ይመታታል። አባቱ ከኋላው ይቆማል፤ ቅሏ ስትሰበር አባትየው አንዴ ተኩሶ ይመልስለታል። እልልታው የሚነሣው ያን ጊዜ ነው፤ ቀድሞ አይነሣም። የፈሰሰውን ሰሊጥ የሙሽራዋ እናት ዘግና ለሙሽራው እናት ትሰጣታለች፤ ቤታችን ክፍት ነው ማለት ነው። ካልመታ ደግሞ ልጅቱ እስከሚቀጥለው የሰሊጥ አጨዳ አባቷ ቤት ትቆያለች።

ድሮ ይህ የሚያስቅ እንጂ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ሙሽራው ይሾፍበታል፣ ዓመቱ ያልፋል፣ ተመልሶ ይመታል። አሁን ግን የሚቀጥለው አጨዳ የት እንደሚያገኘን የሚያውቅ የለም። ጓንጉል ልጁ ካልተዳረች ክረምት ሳይገባ ቤቱን ነቅሎ በድንበሩ ከተማ በገላባት በኩል ወደ አገር ሊሻገር ቆርጧል። እኔና ጋረደው ደግሞ ከገዳሪፍ አንነሣም። ባለቤቴ እንግዳው ቢመጣ የሚያውቀው በር ይህ ነው።

እንግዳው ፋው ከተማ በመሽሩዑ፣ በትልቁ የመስኖ እርሻ፣ የትራክተር መካኒክ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ በኋላ ለተሻለ ሥራ ወደ መደኒ ከተማ ሄደ። ጦርነቱ መደኒ የገባ ጊዜ ስልኩ ጠፋ። መንገዱ ሲከፈት ብዙ ሰው ተመልሷል። እሱ ግን አልተመለሰም፤ ሞተ ያለኝም የለም። እኛ በራችንን ከውስጥ አንቀረቅርም። ጎረቤቶቼ በዚህ ይቆጡኛል፤ ሌባ በበዛበት ጊዜ ምን ማለትሽ ነው ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ እኔም እፈራለሁ። ግን ደክሞት መጥቶ በሩ ተቀርቅሮ ቢያገኘውስ?

ጋረደው ሕፃን ሳለ አባቱ ወደ ፋው ሊሄድ ሲነሣ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅስ ነበር። እንግዳውም ያነሣውና «አንተ ጎረምሳ፣ ቅልህን የመታህ ዕለት እኔ ፋው ብሆን እንኳ ድምፁን እሰማዋለሁ። ተኩሼም እመልስልሃለሁ» ይለዋል። ልጁም ያምናል። ያመነውን ነገር ልጅ ሲያድግ የት እንደሚያደርገው እንጃ።

አሁን ጋረደው በአንድ ነጋዴ የሰሊጥ መጋዘን ጋፊር ሆኗል፤ ዘበኛ ማለት ነው። ነጋዴው ሽጉጥ የሚይዝበት ፈቃድ፣ ሩክሳ የሚሉትን፣ አውጥቶለታል። ልጄ እስከዚያ ድረስ ከዱላ በቀር ይዞ አያውቅም ነበር። ለሥራውም ለቅሏም የሚሆነውን አንድ ሽጉጥ መምረጥ ያለበት አባቱ ነበር። አባቱ ስለሌለ እኔ ተከትዬው ወደ ሙሐመድአሚን ሄድኩ።

ሙሐመድአሚን የእርሻ ዘበኞችን መሣሪያ በፈቃድ የሚጠግንና የሚሸጥ የአገራችን ሰው ነው። ከእንግዳው ጋር በአንድ መኪና ነው ወደዚህ የመጡት። ስንገባ ልጄን ከእግር እስከ ራሱ አየና «አደግህ እኮ!» አለው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወሬ የለም?»

«የለም አያ ሙሐመድ።»

ጠረጴዛው ላይ ጆንያ ዘርግቶ ሦስት ሽጉጦች አወጣ። የእያንዳንዱን ካዝና አውልቆ፣ ውስጡ ባዶ መሆኑን በጣቱ ዳስሶ፣ እኛንም አሳየን።

«ይህች ኮልት ናት፣ ባለ አርባ አምስት። ጥይቷ የአውራ ጣቴን ጫፍ ታህላለች። ይህች ባለ ዘጠኝ ናት። ይህች ትንሿ ደግሞ ባለ ሰባት ነጥብ ስልሳ አምስት፣ ኪስ የምትገባዋ።»

የጋረደው እጅ በቀጥታ ወደ ኮልቷ ሄደ። «ይህችን ነው የምፈልገው።»

«ገና ሳትይዛት?»

«ድምፅዋን በሰርግ ሰምቼ አውቀዋለሁ።»

«እትዬ ተናኘ፣ ይህ ልጅሽ ሚስቱንም በድምፅ ነው እንዴ የመረጣት?»

«አዎ፣ በስልክ ነው» አለ ጋረደው። እውነቱን ነበር። ሦስታችንም ሳቅን፤ እኔ ከልቤ ከሳቅሁ ሰንብቼ ነበር።

ኮልቷን ሲያነሣት ግን ሳቄ ጠፋ። አፈሙዟ ጉድጓድ ይመስላል። «አያ ሙሐመድ፣ ትንሿን ስጠው» አልኩ። «ትንሽ ጥይት፣ ትንሽ ብረት። አትጎዳውም።»

«እናት ሁሉ ትንሿን ነው የምትለው» አለ። አንሥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እንደ ቁልፍ ቀለለችኝ። «ቀላል ስለሆነች እጅ ውስጥ እንደ ፌንጣ ትዘላለች። አጭርም ናት፤ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዋ ተጠጋግቷል። እዚህ የሰሊጥ ፍሬ ያህል ብትሳሳት እዚያ ቅሏን በክንድ ትስታታለህ። ይህች አጠገብህ ለቆመ ሰው ናት፤ ለዒላማ አትሆንም።»

«እንግዲያ የቷ ትሁን?» አልኩ።

«እስቲ እጅህን» አለው። የልጄን መዳፍ ገልብጦ አየው፣ ጣቶቹን ለካቸው። «ጠባብ እጅ ነው። የእንግዳው እጅ አይደለም።»

«የእኔ ነው» አልኩ።

«ሽጉጥ እንደ ጫማ ነው እትዬ ተናኘ። ሰው እግር ላይ ስላማረ አይገዛም። ነገ ጠዋት ኑ፣ ሞክሮ ይምረጥ።»

በማግሥቱ በአንድ ቦክሲ፣ በፒክአፕ መኪና፣ ጭኖን ከከተማው ውጭ መሣሪያ ወደሚሞከርበት የድንጋይ ጉድጓድ ወሰደን። ባዶ የቲማቲም ሰልሳ ቆርቆሮዎች ድንጋይ ላይ ደረደረ። እኔን ከኋላ አቆመኝና ጆሮዬን በጥጥ እንድደፍን ነገረኝ።

ጋረደው በኮልቷ ተኮሰ። ድምፅዋ ጉድጓዱን ሞላው፤ ከድንጋዩ ወደ ድንጋዩ እየተላተመ ወጣና ሜዳው ላይ ሄደ። ጥጡን አልፎ ደረቴ ውስጥ ገባ። ቆርቆሮው ግን ንቅንቅ አላለም፤ አፈር ነው የቦነነው። ደግሞ ተኮሰ፤ በላይ አለፈች። ደግሞ፤ አሁንም አፈር።

«አምጣት» አለ ሙሐመድአሚን። ጀርባውን ሰጥቶን ጥቂት ነካካትና መለሰለት። «በል እንደገና።»

ልጄ አነጣጠረ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ምላጯን ሳበ። ቀጭ አለች እንጂ አልጮኸችም። ግን አፈሙዟ ውሃ እንደሚጠጣ በሬ ወደ መሬት ድፍት አለ። እኔም አየሁት።

«ጥይት የለባትም» አለው ሙሐመድአሚን በርጋታ። «አየህ? ምንም ሳይኖርባት እጅህ ደነገጠ። አንተ ዒላማውን እያየህ አይደለም። ድምፁን እየጠበቅህ ነው። ጆሮህ ዓይንህን ቀደመው።»

ጋረደው አንገቱን ደፋ። እኔ ጆሮው ማንን እንደሚጠብቅ አውቅ ነበር። የእኔም ጆሮ እንዲሁ ነው። ከሰው ጋር እያወራሁ፣ ሰሊጥ እያበጠርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ ጆሮዬ ቤቴ ነው፣ በሩ ላይ። ነፋስ የበሩን ቆርቆሮ ሲነካው እነሣለሁ። ስንት ወጥ አሳርሬያለሁ።

ከዚያ ባለ ዘጠኟን ሰጠው። አስቀድሜ ተቀብዬ ያዝኳት። ብረቷ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጣቴ ተከትዬ አነበብኩት። ከበደችኝ፤ እጀታዋ ግን ቀጭን ስለሆነ የእኔ ጣቶች እንኳ ዞረው ገጠሙባት።

«ብረቷ ከባድ ነው፣ ጥይቷ መካከለኛ ናት» አለ ሙሐመድአሚን። «ስትራገጥ ክብደቷ ርግጫዋን ይበላዋል። በል ጋረደው፣ ቆርቆሮውን እርሳው፣ ይደብዝዝብህ። ጥርት ብላ መታየት ያለባት የሽጉጧ ጫፍ ላይ ያለችው ጉብታ ናት። ምላጯን አትንጠቃት። ከእግር እሾህ እንደምታወጣ ቀስ ብለህ ሳባት። መቼ እንደምትጮኽ አንተም አትወቅ።»

የመጀመሪያዋ ሳተች። ሁለተኛዋ ድንጋዩን ጫረችው። ከዚያ አንዱ ቆርቆሮ ተገለበጠ፤ ቆይቶ ሌላው። ሳላስበው አጨበጨብኩ።

«በቃ፣ ጫማው ልክ ሆነ» አለ ሙሐመድአሚን።

ስንመለስ ጋረደው አልተደሰተም። ከገበያው ወርደን ወደ ሰፈራችን ስንሄድ ድንጋይ በእግሩ እየገፋ ነበር።

«እማዬ፣ ድምፅዋ አጭር ነው።»

«ትመታለች እኮ።»

«ትመታለች።» ጥቂት ሄደና ቆመ። «ከመፋዛ ፋው ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱም ፋው እንደሌለ አውቃለሁ። ልጅ አይደለሁም። ግን የሚደርስ ድምፅ ቢኖር ኖሮ የኮልቷ ነበር የሚደርሰው።»

ያች ትልቋ ስትጮኽ የእኔም ልብ ከድምፁ ጋር ወጥታ፣ ሜዳውን አቋርጣ፣ ፋው ደርሳ ነበር የተመለሰች። ያንን ብነግረው ኮልቷን ይገዛል። ኮልቷን ከገዛ ቅሏን ይስታል፣ ብርቱካንም ከአባቷ ጋር ትሻገራለች።

«አባትህ ሲመጣ ቤቱ ባዶ እንዲሆን አልፈልግም» አልኩት። «አሁን ሁለት ሆነን ነው የምንጠብቀው። ብርቱካን ብትመጣ ሦስት ሆነን እንጠብቀዋለን። ሦስት ሰው ሲጠብቅ የተሻለ አይደለም?»

አየኝ። «ይሁን፣ ባለ ዘጠኟ ትሁን» አለ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመለስ ባዶነቷን ደጋግሞ አይቶ ከጭቃው ግድግዳ ፊት ይቆማል። ሙሐመድአሚን እንዳስተማረው አፈሙዟ ላይ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ አስቀምጦ ምላጯን ይስባል። ቁልፏ ካልወደቀች እጁ አልደነገጠም ማለት ነው። ቁልፏን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከእንግዳው ሸሚዝ ላይ ቆርጬ። ሸሚዙ በሩ ኋላ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ቁልፏ ስትወድቅ ከአልጋው ሥር እየተሳብኩ አወጣለታለሁ። ሰርጉ ሲቃረብ መሳቡ ቀረልኝ።

መፋዛ ስንደርስ የራሃድ ወንዝ ውሃ ጎድሎ ኩሬ ኩሬ ሆኗል። ከወንዙ ዳር ካለው ግራር ላይ ቅሏ ተንጠልጥላለች፤ ከጀርባዋ የአፈሩ ገደል ነው። እንደፈራሁት ትንሽ ናት። ነፋስ ባይኖርም ቀስ ብላ ትዞራለች። የመንደሩ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በጎንና በጎን ቆሟል። ብርቱካን በረኩባው፣ በሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ተሸፋፍና ተቀምጣለች፤ እግሯ ብቻ ይታየኛል፤ መሬቱን ይደበድባል።

ጋረደው ባለ ዘጠኟን ከወገቡ ሲያወጣ ጓንጉል «ቆይ!» አለ። ነጭ ጀላቢያውን እየጎተተ ወደ መሐል መጣ። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዟል። ሲገልጠው ኮልት ነው፤ አሮጌ፣ ከአገር የመጣ።

«አባት ለልጁ መሣሪያ ያቀብላል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አባቱ ባይኖር እኔ አለሁለት። ልጄ፣ በዚህች ተኩስ። ይህች ናት ድምፅ!»

ሰዉ «እሰይ! አባት ማለት እንዲህ ነው!» አለ።

ጓንጉል ከልቡ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በሰው ፊት እምቢ ማለት አባትነቱን መግፋት ነው። እሺ ማለት ደግሞ አንዷን ጥይት አፈር ላይ መድፋት ነው። ጋረደው ኮልቷን አየ፣ ቅሏን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እጁ ወደ ኮልቷ መንገድ ጀምሮ ነበር። ምን እንዳማረው አውቃለሁ። እኔንም አምሮኝ ነበር።

ከሴቶቹ መሐል ወጥቼ ሄድኩ።

«ጓንጉል፣ ክብርህን በሁለት እጃችን ተቀብለናል» አልኩ። «እግዚአብሔር ያክብርህ። ግን ልጁ አባት አለው። የአባቱ ቦታ ይቆየው። በእጁ የያዛት ለእጁ የሆነችዋ ናት፤ በእሷ ይተኩስ።»

ጓንጉል ፊቱ ተለወጠ። «ተናኘ፣ ስለ ጥይት እኔን ልትመክሪኝ ነው?»

ያን ጊዜ ከኋላዬ ሣህሊቱ፣ የራሱ ሚስት፣ ጮኸች።

«አንተ ጓንጉል! በዚችው ኮልት አይደል እንዴ ሦስቱንም ስተህ እስከ አጨዳ ያስቀመጥኸኝ? ልጄንም እንደኔ ጎተራ ስታስጠብቅ ልትከርም ነው?»

ሳቁ ወንዙን አሻገረ። ረኩባው ሥር ያለው ሽፍን እንኳ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ጓንጉል ሊቆጣ ከንፈሩን ነከሰ፤ አልሆነለትም፤ እሱም ሳቀ። «ይች ሴትዮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልረሳችልኝም» አለና ኮልቷን መልሶ ጠቀለላት። «በል ልጄ፣ በያዝኸው።»

እኔ ወደ ሴቶቹ ተመለስኩ። ጋረደው ቆመ። ከኋላው፣ አባቱ በሚቆምበት ቦታ፣ ማንም አልቆመም፤ ሰዉ ክፍት አድርጎ ተወው።

ሽጉጧን በሁለት እጁ አነሣ። እኔ ቅሏን አላየሁም። የሽጉጧ ጫፍ ላይ ያለችውን ጉብታ የማይ ይመስለኝ ነበር፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት። አልጸለይኩም፣ ምንም አልሰማሁም። ከስንት ጊዜ በኋላ ጆሮዬ ዝም ያለው ያን ጊዜ ነው።

ተኮሰ። እንደ ደረቅ እንጨት ቀው አለች፣ ወዲያው አለቀች። ቅሏ ለሁለት ተከፈለችና ሰሊጡ በፀሐዩ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ዥው ብሎ ወረደ።

ማንም እልል አላለም።

ሴቶቹ እጃቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ቆመው ነበር። ልማዱ አስሯቸዋል፤ አባት ካልመለሰ እልልታ የለም። መላሽ ደግሞ አልነበረም፤ ሌላም ጥይት አልተፈቀደም። ሁሉም ይህን ያውቅ ነበር፤ ግን እንደዚህ ጸጥ እንደሚል ያሰበ አልነበረም። ጋረደው ሽጉጧን ዝቅ አድርጎ እንደቆመ ነው፤ አልዞረም። ጀርባውን አየሁት። ወንዙ ወደሚወርድበት፣ ወደ ፋው በኩል፣ ጆሮውን ጥሎ ነበር። እኔም ጣልኩ። የሆነች ወፍ ነበረች። ሩቅ መኪና ነበረች። ሌላ የለም።

ጥቂት ጠበቅሁት። ከዚያ በላይ ልጄን እንደዚያ ቆሞ ማየት አልቻልኩም። ሄጄ በባዶው ቦታ ቆምኩ። እጄን ትከሻው ላይ ጫንኩና አፌን ወደ ፋው አቅጣጫ አዙሬ እልል አልኩ። ድምፄ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ እንደገና ጀመርኩት፤ ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ ጎተትኩት። እስኪያልቅ ማንም አላቋረጠኝም። ሲያልቅ ሣህሊቱ ተቀበለችኝ፣ ከዚያ ሁሉም።

ሣህሊቱ ከግራሩ ሥር ሰሊጡን ዘግና እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። «ቤታችን ክፍት ነው» አለችኝ። እኩሌታውን ለጋረደው አቃመስኩት። እኩሌታውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

ገዳሪፍ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ብርቱካን ቋጠሮዬን አይታ «እማማ፣ ይህስ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የአባታችሁ ድርሻ ነው» አልኳት፤ በሩ ኋላ ከተሰቀለው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

እራት በልተን እንዳበቃን፣ ጊዜው ክፉ ነውና እናቷ እንዳስለመደቻት፣ ብርቱካን በሩን ልትቀረቅር ተነሣች። ጋረደው «ተይው» አላት።

«ክፍት? እንዲሁ?»

ጋረደው ሸሚዙን በዓይኑ አመለከታት። ወደ ሸሚዙ ቀና ብላ አየች፣ የተነፋውን ኪሱን አየች። ከዚያ እጇን ከመቀርቀሪያው አነሣችና መጥታ በመሐላችን ተቀመጠች። ነፋስ የበሩን ቆርቆሮ ነካው። ሦስታችንም ወደ በሩ ቀና አልን።